“ባዶ መሬት” የምንለው የማን ጎጆ ነው?

የባሕር ኤሊን በዓይኑ አይቶ የማያውቅ፣ ነገር ግን ስለ ባሕር ኤሊ መጥፋት የሚቆረቆር ሰው በከተሞቻችን ሞልቷል። ራሴንም ከእነዚህ ሰዎች ወገን እቆጥራለሁ። እንስሳዋ በሌሊት ከማዕበሉ ወጥታ፣ ድንጋይ የመሰለ ጀርባዋን ተሸክማ፣ አሸዋውን ቆፍራ እንቁላሎቿን ስትቀብር በቴሌቪዥን ተመልክቶ አንጀቱ ያልተላወሰ ማን አለ? ይህን ርኅራኄ አልነቅፈውም። የምነቅፈው ርኅራኄያችን ባሕር ሲሻገር ደጃችን ያለውን ዘልሎ ማለፉን ነው። ስለዚህ ዛሬ ስለ አንዲት ወፍ፣ ስለ አንድ ሜዳና ስለ አንድ አጥፊ ቃል ልጽፍ ተነሥቻለሁ። ቃሉ “ባዶ መሬት” የሚለው ነው። (በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላሳውቅ።)

ከኤሊዋ ልጀምር፤ ትምህርቱ ከእርሷ ይጀምራልና። ኬምፕስ ሪድሊ የምትባለው የባሕር ኤሊ አብዛኛውን እንቁላሏን የምትጥለው በአንድ አካባቢ፣ በሜክሲኮ ታማውሊፓስ ግዛት በሚገኘው በራንቾ ኑዌቮ ዳርቻና በአቅራቢያው ነው። በ1947 የተቀረጸ አንድ ፊልም በአንድ ቀን በ10 ሺዎች የሚቆጠሩ ኤሊዎች ወደዚያ አሸዋ ሲወጡ ያሳያል። በ1985 ግን በዓመቱ ሙሉ የተቆጠረው ጎጆ 702 ብቻ ነበር። እንቁላሉ ለዓመታት እየተለቀመ ተሽጧል፤ ኤሊዎቹም በሽሪምፕ አጥማጆች መረብ ታንቀው አልቀዋል። ሜክሲኮ ዳርቻውን ማስጠበቅ ጀመረች፤ ከ1978 ጀምሮም ከአሜሪካ ጋር በጋራ ሠራች፤ በኋላም አጥማጆች በመረባቸው ላይ ኤሊ የሚያስመልጥ ቀዳዳ እንዲያበጁ በሕግ ተገደዱ። ከ2010 ወዲህ ባሉት አንዳንድ ዓመታት የጎጆው ቁጥር ከ20 ሺህ በላይ ደርሷል። ኤሊዋ ከአደጋ ገና አልወጣችም፤ ግን አለች። ትምህርቱ አጭር ነው፤ እንቁላል የሚጣልበት ስፍራ አንድ ከሆነ፣ የፍጥረቱ ዕጣ የዚያ ስፍራ ዕጣ ነው።

ኢትዮጵያ ከ1993 ወዲህ የባሕር ዳርቻ የላትም። ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ “ባሕር” የሚለው ቃል በየመድረኩ ሲነሣ ሰንብቷል፤ የተነሣው ግን ስለ ወደብ፣ ስለ መርከብና ስለ ጦር ነው። በዳህላክ ደሴቶች ዳርቻ እንቁላላቸውን ስለሚጥሉት ኤሊዎች የተናገረ ሰው እኔ አልሰማሁም። ያ ክርክር ለሌላ ቀን ይቆየን። እዚህ የምለው ባሕር የሌለው አገርም የራሱ ራንቾ ኑዌቮ ሊኖረው እንደሚችል ነው። እኛ አለን፤ ስሙም የሊበን ሜዳ ይባላል።

የሲዳሞን ስም የተሸከመች ወፍ

የምኖረውና የማስተምረው በዲላ ነው። ዲላ ዛሬ የጌዴኦ ዞን ዋና ከተማ ናት፤ በቀድሞው አስተዳደር ግን በሲዳሞ ክፍለ ሀገር ሥር ነበረች። ከእኛ በስተደቡብ ምሥራቅ የሚገኘው ነገሌ ቦረናም በዚያው ክፍለ ሀገር ውስጥ ነበር። በ1968 ከነገሌ አጠገብ ባለው ሜዳ ላይ አንዲት ቡናማ፣ ትንሽ ወፍ ተያዘች። ፈረንሳዊው የአእዋፍ ተመራማሪ ክርስቲያን ኤራር በ1975 ለሳይንስ ሲያስተዋውቃት ሄተሮሚራፍራ ሲዳሞኤንሲስ ብሎ ሰየማት፤ “የሲዳሞዋ” ማለት ነው። ኋላ ላይ ዓለም ሊበን ላርክ አላት። እኔ እዚህ የሊበኗ ወፍ እላታለሁ።

የሊበኗ ወፍ ጎጆዋን የምትሠራው መሬት ላይ፣ በሣር ጉጦች ሥር ነው። ኑሮዋ ሁሉ በሣሩ መሐል ነው። እንቁላሏን ከፀሐይ፣ ከአዳኝና ከከብት ኮቴ የሚሸሽግላት ያ ሣር ብቻ ነው። ሣሩ እስከ ሥሩ ከተጋጠ ጎጆዋ ይጋለጣል፤ ታርሶ በቆሎ ከተዘራበት ጎጆ የለም፤ እሾሃማ ቁጥቋጦ ከዋጠውም እንዲሁ። በጥይት የገደላት ሰው የለም፤ ለሥጋዋ የሚፈልጋትም የለም። የምትሞተው ሣር በማጣት ነው።

በ2007 እና በ2008 የተደረገ ጥናት በሜዳው ላይ የቀሩትን ወፎች ከ90 እስከ 256 ብሎ ገመተ። በ2009 በተደገመው ቆጠራ በመቁጠሪያ መስመሮቹ ላይ የተገኙት ወፎች በ40 በመቶ ገደማ ቀንሰው ተገኙ። የሚመቻት የሣር ሜዳ ከ40 ስኩዌር ኪሎ ሜትር በታች ነበር። ተመራማሪዎቹም በአፍሪካ ዋና ምድር የሚመዘገበው የመጀመሪያው የወፍ ዝርያ ጥፋት ይህ ሊሆን እንደሚችል አስጠነቀቁ። በ2013 የወጣ ጥናት ደግሞ የሊበኗ ወፍና በጅግጅጋ አካባቢ የምትገኘው ዘመዷ አንድ ዝርያ መሆናቸውን አሳየ። ያ ዝርያ በሶማሌላንድ በኩል ለመጨረሻ ጊዜ የታየው በ1922 ነበር። እንግዲህ በዓለም ላይ የሚታወቅላት መኖሪያ ሁለት ሜዳ ነው፤ ሁለቱም በኢትዮጵያ ወሰን ውስጥ ናቸው። ኃላፊነቱን የምንጋራው ጎረቤት የለም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስታውሳችሁ። በ2006 እና በ2007 የኢትዮጵያ መንግሥት ሲዳሞ፣ ሐረርና ይርጋጨፌ የሚሉትን ስሞች የንግድ ምልክቱ አድርጎ ለማስከበር ከስታርባክስ ኩባንያ ጋር ተከራከረ፤ በጁን 2007ም ስምምነት ተፈረመ። ብዙዎቻችን ደስ አለን፤ እኛ የይርጋጨፌ ጎረቤቶች ደግሞ ይበልጡን። ተገቢ ትግል ነበር። በዚያው በ2007 የሲዳሞን ስም የተሸከመች ሕያው ፍጥረት በሜዳዋ ላይ ተቆጥራ ጥቂት ሆና ስትገኝ ግን ማን ተሟገተላት? ከጥቂት ባለሙያዎች በቀር ማንም። ስሙ በቡና ከረጢት ላይ ሲጻፍ ጠበቃ አገኘ፤ በወፍ ላይ ሲጻፍ የማንም ጉዳይ ሳይሆን ቀረ።

ገዳዩ ማን ነው?

ይህን ጥያቄ በከተማ ካነሣችሁ መልሱ የተዘጋጀ ነው፤ “አርብቶ አደሩ ነዋ! ከብቱ በዛ፤ ሣሩን ጨረሰው።” የተማርንበት መጽሐፍም የሚያስተምረን ይህንኑ ነው። ልቅ ግጦሽ ሣሩን መጉዳቱን አልክድም። ነገር ግን ከብቱ በዚያች ቁራሽ ሜዳ ላይ ለምን እንደተጨናነቀ ሳይጠይቁ እረኛውን መክሰስ የአብዬን ወደ እምዬ ማላከክ ነው።

የቦረና አርብቶ አደር ሜዳውን በዘፈቀደ የሚያስግጥ ሰው አልነበረም። የዝናብ ወቅትና የበጋ ግጦሹን ለይቶ፣ ከብቱን አዟዙሮ፣ ጥልቅ የቱላ ጉድጓዶቹን በተራ እያጠጣ፣ ለጥጆችና ለደከሙ ከብቶች የሚሆን ሣር “ካሎ” ብሎ ከልሎ፣ ይህን ሁሉ በጋዳ ሥርዓት እየዳኘ ኖሯል። ቁጥቋጦ ሲበዛበትም በወቅቱ እሳት ይለቅበት ነበር። እሳቱ ለጋውን እሾህ ይፈጀዋል፤ ሣሩ ግን ሥሩ መሬት ውስጥ ስለሆነ ከዝናቡ ጋር ተመልሶ ይለመልማል።

ከዚያ እኛ መጣን። “እኛ” የምለው የተማረውን ወገን ነው፤ ዕቅድ የሚያወጣውን፣ ሪፖርት የሚጽፈውን፣ ሕግ የሚያረቅቀውን። በ1970ዎቹ የደርግ መንግሥት የግጦሽ ሜዳ ማቃጠልን ከለከለ። ቢሮ ውስጥ ተቀምጦ ለሚያስብ ሰው ትክክል ይመስላል፤ እሳት ጥፋት ነውና። በሜዳው ላይ ግን እሾሃማው ግራር ከልካይ አጥቶ ተስፋፋና ሣሩን ዋጠው። ሣር የጠፋበት ከብት ገና ባልተዋጠው ቁራሽ ላይ ተጠጋጋ። ቀጥሎ ማረሻው መጣ። “ሥልጣኔ ማለት አንድ ቦታ ሰፍሮ ማረስ ነው” የሚለው እምነት ከንጉሡ ዘመን እስከ ዛሬ ሥርዓቱ ሁሉ ሲለዋወጥ ሳይለወጥ የዘለቀ ፖሊሲያችን ነው ብል ያጋነንሁ አይመስለኝም። ዝናቡ በማይታመንበት ሜዳ ላይ በቆሎ ተዘራ። ዝናቡ በከዳበት ዓመት በቆሎው ይደርቃል፤ የታረሰው ሣር ግን በቶሎ አይመለስም። እረኛውም ሰብሉንም ሣሩንም አጥቶ ይቀራል።

ሕጉንም እንመልከት። የ1995ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 ንዑስ አንቀጽ 5 አርብቶ አደሮች ለግጦሽና ለእርሻ የሚጠቀሙበትን መሬት በነፃ የማግኘትና ከመሬታቸው ያለመፈናቀል መብት እንዳላቸው ደንግጓል። ድንቅ ነው። በ2005 የወጣውና እስከ 2024 ድረስ በሥራ ላይ የቆየው የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 456 ግን መንግሥት አስፈላጊ ሆኖ ሲያገኘው የወል መሬትን ወደ ግል ይዞታ ሊያዛውር እንደሚችል ይፈቅድ ነበር። አንድ የሊበን አባወራ ይህን እንዴት እንደሚያሰላው አስቡ። ጎረቤቱ የወሉን ሜዳ ቆርሶ ካጠረና ካረሰ መሬቱ የእርሱ ሆኖ የመቅረት ተስፋ አለው፤ ሣሩን ጠብቆ የቆየው ሰው ግን ባዶ እጁን ይቀራል። በዚህ ስሌት ውስጥ ማረስ ብልኅነት፣ መጠበቅ ሞኝነት ይሆናል። ሞኝነት ያደረግነውም እኛ ነን።

ለዚህ ሁሉ በር የሚከፍተው ቃሉ ነው። ያልታረሰ ሁሉ “ባዶ መሬት” ይባላል፤ ያልታጠረ ሁሉ “ባለቤት የሌለው” ይባላል፤ ጎጆ ያልተቀለሰበት ሁሉ “ያልለማ” ይባላል። ቃሉ ከማረሻው ቀድሞ ይደርሳል። መሬቱ በወረቀት ላይ አንዴ “ባዶ” ከተባለ በኋላ የሚሰጠው ለባለሀብት ይሁን ለሠፋሪ፣ የሚዘራበት በቆሎ ይሁን ችግኝ፣ ለወፏም ለላሟም ልዩነት የለውም።

ዛፍ የሚያጠፋበት ምድር

አሁን ለአንዳንድ አንባቢዎቼ የማይጥም ነገር ልናገር ነው። ተማሪዎቼን “ተፈጥሮን መጠበቅ ሲባል ምን ይታያችኋል?” ብዬ ስጠይቅ የብዙዎቹ መልስ አንድ ቃል ነው፤ ችግኝ። አልፈርድባቸውም፤ የሰሙት ይህንኑ ነው። የአረንጓዴ አሻራ ዘመቻ በ2019 ሲጀመር በጁላይ ወር በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ ተነግሮናል። ዘመቻውን በጅምላ የምጠላ ሰው አይደለሁም፤ የተራቆተ ተራራ ዛፍ ይሻል። ነገር ግን የሥራ መለኪያው የችግኝ ቁጥር ብቻ ከሆነ፣ ኮታ ለመሙላት ለሚጣደፍ ሹም ሜዳ ሁሉ የችግኝ ጉድጓድ መስሎ ይታየዋል። የሣር ምድር ደን ተመንጥሮበት የቀረ ፍርስራሽ ተደርጎ መታየት የለበትም፤ ከደን ባልተናነሰ የራሱ ወፍ፣ የራሱ አውሬ፣ የራሱ ባለቤት ያለው ሙሉ ፍጥረት ነው። በሊበን ሜዳ ላይ ችግኝ መትከል በራንቾ ኑዌቮ አሸዋ ላይ ሲሚንቶ ማፍሰስ ነው።

በመልካም ሐሳብ የተተከለ ዛፍ ምን ሊያደርግ እንደሚችል ከአፋር መማር እንችላለን። ፕሮሶፒስ የሚባለው እሾሃማ ዛፍ ወደ አፋር የገባው በደርግ ዘመን፣ በረሃማነትን ለመከላከል ተብሎ ነበር። ዛሬ በአዋሽ ዳርቻ ሰፊ የግጦሽ መሬት ውጧል። አፋሮች “ደርጊ ሐራ” ብለውታል፤ የደርግ ዛፍ ማለት ነው። መንግሥቱ ሄደ፤ ዛፉ ቀረ።

ይህን ሁሉ የምለው ከዛፍ አገር ሆኜ ነው። በጌዴኦ ዛፍ ሕይወት ነው። በዚህ ቁልቁለት ላይ ትልልቁ አገር በቀል ዛፍ ከላይ፣ እንሰቱ ከሥሩ፣ ቡናው ከእንሰቱ ጋር ሆነው ጥቅጥቅ ብሎ የሰፈረ ሕዝብ አፈሩን ሳይሸረሽር ሲኖርበት ቆይቷል። በሴፕቴምበር 2023 ሪያድ ላይ የተሰበሰበው የዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ኮሚቴ የጌዴኦን ባሕላዊ መልክዓ ምድር በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ ያደነቀው ይህንኑ ነው። ከዚህ ምዝገባ ልንማረው የሚገባ አንድ ነገር አለ። የተመዘገበው ምድር ሰው ተባርሮ የታጠረ ፓርክ አይደለም፤ ወደ ሩብ ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ የሚያርስበት፣ የሚለቅምበት፣ የሚድርበትና የሚቀብርበት ስፍራ ነው። የተቀደሱት ደኖች የቆዩት በዘበኛ ጠመንጃ ተጠብቀው አይደለም፤ በሶንጎ ሸንጎ ተቀምጠው የሚዳኙ ሽማግሎች “ይህ አይነካም” ሲሉ የሚሰማቸው ሕዝብ ስለነበረ ነው።

ከዚህ በተቃራኒ የቆመውን ለማየት ከዲላ በሞያሌው መንገድ ወደ 200 ኪሎ ሜትር ወደ ደቡብ መሄድ ይበቃል። የያቤሎ የዱር እንስሳት መጠለያ በመጀመሪያ የታሰበው ለስዌይን ቆርኬ ነበር። ወደ 2,500 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ስፋት በወረቀት ላይ ተከለለለት። ቆርኬው ዛሬ በዚያ የለም። በዚያው ምድር ላይ ግን በዓለም ሌላ ቦታ የማትገኝ፣ ቡሽ ክሮው የምትባል ግራጫ ወፍ በከብቶችና በሰው መንደር ዙሪያ፣ አጠር ባለው ሣር ላይ ምግቧን እየለቀመች ትኖራለች። ወረቀቱ ያላዳነው ጠፋ፤ ከእረኛው ጋር የኖረችው ዛሬም አለች። ሰውን ከምድሩ ለይቶ ማራቅ ጥበቃ ነው የሚለውን እምነት ለመመርመር ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አልፈልግም።

ሰርተፊኬቱና ሥልጣኑ

የቦረና ኦሮሞን ሜዳ ሲያስተዳድር የኖረውን የጋዳ ሥርዓት ዩኔስኮ በ2016 በዓለም የማይዳሰስ ቅርስነት መዝግቦታል። የጌዴኦ ምድር በ2023 ተመዘገበ። ሁለቱንም ጊዜ ሹማምንት ንግግር አደረጉ፤ ሕዝቡም ደስ አለው። ከዚያስ? አባ ጋዳዎች “ይህ ሜዳ አይታረስም” ብለው ቢወስኑ ቃላቸው በቀበሌው መሬት ጽሕፈት ቤት ዘንድ ስንት ክብደት አለው? ሰርተፊኬቱን ግድግዳ ላይ ሰቀልን፤ ሥልጣኑን ግን ለባለቤቶቹ አልመለስንም። ባሕል የምንለው ሽማግሎች በበዓል ቀን ነጭ ለብሰው ሲመርቁ የምናነሣውን ፎቶግራፍ ብቻ ከሆነ፣ ያ ባሕል ሣር አያድንም።

በሊበን ሜዳ ላይ ተስፋ የሚሰጥ ሥራ አልተሠራም አልልም። በ1966 የተመሠረተው የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ከውጭ ባልደረቦቹና ከአካባቢው ነዋሪዎች ጋር ሆኖ ቁጥቋጦ አስመንጥሯል፤ ካሎም አስከልሏል። ከብት ለጊዜው በታገደባቸው ክልሎች ውስጥ ሣሩ ተመልሶ አድጓል። ልብ በሉ፤ መድኃኒቱ ከላቦራቶሪ የመጣ አዲስ ግኝት አይደለም፤ የቦረና አባቶች ለጥጆቻቸው ሲከልሉት የኖሩት ያው ካሎ ነው። ነገር ግን ፕሮጀክት ዘመን አለው፤ በጀቱ ሲያልቅ መኪናው ይመለሳል። ካሎው የሚዘልቀው ሕዝቡ በሕግ የራሱ ሲያደርገውና ሲጠቀምበት ብቻ ነው።

ይህንንም ከኤሊዎቹ ታሪክ እንማር። በኮስታ ሪካ ኦስቲዮናል በሚባል ዳርቻ፣ ኤሊዎች በብዙ ሺዎች ሆነው በሚወጡበት ሰሞን፣ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት የሚጣለውን እንቁላል የመንደሩ ማኅበር እንዲለቅምና እንዲሸጥ ከ1987 ጀምሮ ሕግ ፈቅዷል። እነዚያ እንቁላሎች ኋላ በሚመጡት ኤሊዎች እየተቆፈሩ የሚበላሹ ናቸው። በምትኩ መንደሩ ዳርቻውን ያጸዳል፤ ሌባ ያባርራል፤ ጫጩቶቹን ከአሞራና ከውሻ ይጠብቃል። ኦስቲዮናል ዛሬም ኤሊ በብዛት ከሚወጣባቸው የዓለም ዳርቻዎች አንዱ ነው። ጥቅም ያለው ሰው ከዘበኛ የበለጠ ይጠብቃል።

ሁለት ተቃውሞዎች

“ሰው በሚራብበት አገር ስለ ወፍ ታወራለህ?” የሚለኝ አንባቢ እንዳለ አውቃለሁ። ጥያቄው ክብደት አለው። ቦረና ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ በተከታታይ 5 የዝናብ ወቅቶች ከሽፈውበት፣ ከብቱ እንደ ቅጠል ረግፎ፣ ኩሩ ባለከብት የነበረው ሰው የእርዳታ ስንዴ ሲጠብቅ ያየነው በቅርቡ ነው። ለዚያ ሰው “ወፏን ጠብቅ” ብሎ መስበክ ነውር ነው። እኔም እንዲህ አልልም። እኔ የምለው ወፏና ላሟ የሚፈልጉት አንድ ነገር መሆኑን ነው፤ ሣር። ወፏን የሚገድላት እሾህ ላሟንም ያስርባታል። የወፏን ጎጆ የሚገለብጠው ማረሻ የጥጃውን መኖ ይገለብጣል። ወፏ በሜዳው ላይ እንደተሰቀለች ደወል ናት፤ ስትጠፋ የሚጠፋው የእርሷ ዜማ ብቻ አይሆንም። እንግዲህ የሰውን ረኀብና የወፍን ሞት አወዳድረን አንዱን እንድንመርጥ የሚጠይቀን ሰው ሜዳውን ሄዶ አላየውም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይበልጥ ይከብዳል። “አንተ የዲላ ሰው በሰው መሬት ምን አገባህ?” ይህን ጥያቄ አቅልዬ አላየውም። በ2018 በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ በተነሣው ግጭት በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ከቀየው ሲፈናቀል በዚህች ከተማ ሆነን አይተናል። በዚህ አካባቢ ስለ መሬት የሚነገር ቃል ምን ያህል እንደሚያቃጥል አውቃለሁ። ስለዚህ በግልጽ ላስቀምጠው፤ ሜዳው የማን ነው ለሚለው መልሴ “እስከ ዛሬ የጠበቁት ሰዎች” የሚል ነው። የምጠይቀው ለእነርሱ የተሰጠው መብት ከወረቀት ወርዶ መሬት እንዲረግጥ ነው። ይህን ለመጠየቅ የአንድ ዞን ተወላጅ መሆን አያስፈልግም። ቢሮ ተቀምጠን “ባዶ መሬት” የሚለውን ቃል ያወጣነው የተማርን ሰዎች፣ ቃሉን የመመለስ ዕዳ አለብን።

ምን ይደረግ?

ነቅፎ ብቻ መሄድ የእኛ የምሁራን ደዌ ነውና የምጠይቀውን ልዘርዝር።

አንደኛ፣ በሊበንና በጅግጅጋ የቀረው የሣር ሜዳ የማይታረስ የወል ይዞታ ተብሎ በሚጠብቀው ማኅበረሰብ ስም ይመዝገብ። ቀድሞ ያረሰው ሰው ደሃ ነውና በጉልበት አይባረር፤ ሽማግሎቹ ባሉበት ተመጣጣኝ ምትክ ይሰጠው።

ሁለተኛ፣ የግጦሽ እሳትና የቁጥቋጦ ምንጠራ እንደ ወንጀል መታየቱ ቀርቶ በባለሙያ ምክርና በአባቶች ውሳኔ በወቅቱ ይካሄድ። ካሎውም የፕሮጀክት ሪፖርት ማድመቂያ መሆኑ ቀርቶ በደንብ የጸና የአካባቢው ሕግ ይሁን።

ሦስተኛ፣ የችግኝ ተከላ ዘመቻው የማይተከልበት ቦታ ካርታ ይኑረው። የተፈጥሮ ሣር ምድር በዚያ ካርታ ላይ በቅድሚያ ይስፈር። የሹም ሥራ ባልተከለው ችግኝም የሚመሰገንበት ቀን ይምጣ።

አራተኛውና የመጨረሻው ለራሳችን ለዩኒቨርሲቲዎች ነው። ስለዚህች ወፍ የምናውቀውን አብዛኛውን ነገር ያነበብነው በውጭ መጽሔቶች ላይ፣ በውጭ ሰዎች መሪነት ከተጻፉ ጥናቶች ነው። እነርሱ ይመስገኑ። ግን ዲላ፣ ቡሌ ሆራና ጅግጅጋ እያንዳንዳቸው ዩኒቨርሲቲ አላቸው። በየዓመቱ ሁለቱን ሜዳዎች ተራምዶ ወፍ ለመቁጠር የሚያስፈልገው እግር፣ ደብተርና ትዕግሥት ነው፤ ሦስቱም በእጃችን አሉ። ቆጠራው በየዓመቱ ይደረግ፤ ውጤቱም በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በሶማሊኛ ሜዳውን ለሚጠብቁት ሰዎች ይነበብ። ተማሪዎቻችን የሩቁን ዳርቻ ኤሊ ያወቁትን ያህል የደጃቸውን ሜዳ ወፍ ይወቁ።

“ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ” ይላል ያገራችን ሰው። ወፏ ከጠፋች በኋላ ምን እንደምናደርግ ከወዲሁ አውቃለሁ። ዐውደ ጥናት እንጠራለን፤ ቴምብር እናሳትማለን፤ የቅኔ ሰዎች ያለቅሱላታል፤ አንዱም ሆቴል በስሟ ይጠራል። ያ ሁሉ አንድ እንቁላል አያስፈለፍልም። ዛሬ ግን ገና ሣር አለ፤ ሣሩን የሚያውቁ ሰዎችም በሕይወት አሉ። ስለዚህ ከእናንተ የምጠይቀው ትንሽ ነገር ነው። በሚቀጥለው ጊዜ በስብሰባ፣ በዕቅድ ሰነድ ወይም በዜና “ባዶ መሬት” የሚለውን ቃል ስትሰሙ እጃችሁን አውጡና “የማን ጎጆ ነው?” ብላችሁ ጠይቁ። መልስ የሌለው ሰው ማረሻውንም ችግኙንም ይዞ ይቁም።

ቸር እንሰንብት።